ስለ አዳራሻችን አራት የመንገድ ዳር ክፍሎች

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረጉት ንግግር ነው። ድምፅ የሚሰጠው በመጪው እሑድ ስለሆነ፣ ያልተገኙ አባሎች አስቀድመው እንዲያነቡት በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ሊቀ መንበራችን በአጭሩ ተናገር ብለውኛል። እሞክራለሁ። ነገር ግን ጉዳዩ የገንዘብም የሰውም ጉዳይ ስለሆነ በሩጫ አይነገርም፤ ትንሽ ብቆይባችሁ ታገሡኝ።

እንደምታውቁት በአዳራሻችን ፊት፣ ወደ መንገዱ የተከፈቱ አራት ክፍሎች አሉን። እስካሁን ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ጎላውና ብረት ድስቱ ታጭቀውባቸው ኖረዋል። በጓሮ በኩል መጋዘን ስለተሠራ ዕቃው ወጥቷል፤ ክፍሎቹ ባዶ ናቸው። ገና ሳይጠረጉ ጠያቂ መጣ። አንድ ነጋዴ ግድግዳውን አፍርሶ አራቱን አንድ ትልቅ መደብር ላድርገው፣ የዓመቱን ኪራይም ቅድሚያ ልክፈል አለ። በሌላ በኩል የሰፈራችን ሰዎች ማመልከቻ አስገቡ፤ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ አንድ ጫማና ቦርሳ ጠጋኝ፣ ተሰባስበው እንጀራ የሚጋግሩ እናቶች፣ የኤሌክትሪክ ዕቃና ስልክ የሚጠግኑ ሁለት ወጣቶች። የእነሱ የአራቱ ኪራይ ተደምሮ ነጋዴው ከሚሰጠው ያንሳል። ኮሚቴው ሦስት ለሦስት ተከፈለ። ሊቀ መንበሩም በእኔ አንድ ድምፅ የሰፈር ነገር አይወሰንም ብለው ወደ እናንተ አመጡት። ደግ አድርገዋል።

እኔ የቆምኩት ከአራቱ ጎን ነው። ምክንያቴን ከመናገሬ በፊት ግን የነዚያኞቹን ነገር በቅንነት ላስቀምጥ። ገንዘቡ ይበልጣል፤ ይህን የሚክድ የለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ናረ፤ ሸራው፣ ቆርቆሮው፣ ለቀብር የሚያስፈልገው ሁሉ። ለቤተ ሐዘን የምንሰጠው ገንዘብ ዱሮ የሚሸፍነውን ዛሬ አይሸፍንም። ስለዚህ ‹ማኅበሩ ገንዘብ ያግኝ› የሚሉት አባሎች የሚናገሩት ለሞተው ሁላችን ነው። ነጋዴውም ቢሆን ክፉ ሰው አይደለም፤ ሠርቶ የሚበላ ነው።

እንግዲህ የኔን ስሙኝ።

አንድ ብር ሰፈር ውስጥ ስትገባ ስንት እጅ እንደምትነካ እንከተላት። ልብስ ሰፊዋ ከኛ አንዷን ቀሚስ ሰፍታ ገንዘብ ተቀበለች እንበል። ክርና ቁልፍ ከማዶው ሱቅ ትገዛለች። ምሳዋን ከጥጉ ከሽሮ ቤቷ ትበላለች። ሽሮ ቤቷ እንጀራውን ከሚጋግሩት እናቶች ትቀበላለች። ሽንኩርቱን ከጉሊት ከምትቸረችረው ትገዛለች። ጉሊቷ ማታ የልጇን ጫማ ለጠጋኙ ትሰጣለች። ያቺ ብር ከሰፈር ሳትወጣ ስንት ቤት እራት አበላች! በትልቁ መደብር የሚከፈለው ግን ማታ ተቆጥሮ ባለቤቱ ወዳለበት ይሄዳል። ለኛ የሚቀረው ኪራዩና ምናልባት የአንድ ዘበኛ ደመወዝ ነው። ኪራዩን ብቻ ከኪራይ ጋር ካወዳደርን ያልተቆጠረ ብዙ ነገር ይቀራል ማለቴ ነው።

ደሞ የዱቤው ነገር አለ። የሰፈር ሱቅ የሚሸጠው ስኳርና ዘይት ብቻ አይደለም፤ ጊዜ ይሸጣል። ደመወዝ እስኪደርስ በደብተር ይጽፋል። ሩብ ኪሎ ስኳር፣ በብርጭቆ የሚለካ ዘይት፣ አንድ ሻማ፣ ሁለት ራስ ሽንኩርት ይቸረችራል። ባለ ካዝናው መደብር አንድ ሻማ ከእሽጉ አውጥቶ አይሸጥላችሁም፤ ‹ለወር መጨረሻ ይድረስ› ብትሉትም ኮምፒዩተሩ አይሰማም። ቀኑን በቀኑ ሠርቶ ለሚበላ ሰው ያ ደብተር ባንኩ ነው።

ይህን ሐሳብ ከራሴ ብቻ አላመጣሁትም፤ በከተማችን ከታየው ነው። ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ።

ሽማግሌዎቻችን እንደሚያስታውሱት የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ሆነ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። መሐል አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ትንንሽ ሠራተኞች፣ ሰዓት ሠሪው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ሻይ ቤቷ፣ በዚያ ዝቅተኛ ኪራይ ተጠልለው ኖሩ። እኔ ልጅ ሆኜ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር ለመቀበል ተሰልፌያለሁ፤ ያ ዘመን ይመለስ የሚል ሰው ካለ ሰልፉን ያልቆመ ነው። ነገር ግን አንድ እውነት ነበረው፦ ኪራዩ ዝቅ ሲል ሙያተኛው ሥሩን ሰደደ።

ከዚያ ወዲህ መሐል ከተማው ሲታደስ ያየነው ሌላ ነው። ኮንዶሚኒየም በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ መሠራት ሲጀምር ምድር ቤቱ ለንግድ ታሰበ፤ መልካም ሐሳብ ነበር። ግን ሱቆቹ በጨረታ ተሸጡ። ጨረታ ደግሞ ማን የተሻለ ይሠራል ብሎ አይጠይቅም፤ ማን ይበልጥ ይከፍላል ነው የሚለው። ጉሊት የምትሸጥ እናት ከባለ ሚሊዮን ጋር ጨረታ አትገባም። ስለዚህ ፎቁ ላይ ድሃው ገባ፣ ከሥሩ ግን ሌላ ሰው ነገደ፤ እሷ በደረጃው ሥር ጆንያ ዘርግታ ሽንኩርቷን ደረደረች። እኛም አራቱን ክፍል ለበለጠ ከፋይ ብቻ ብንሰጥ በገዛ ቤታችን ያንኑ ጨረታ አደረግን ማለት ነው።

ልደታ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ሲፈርስ፣ ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም.፣ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲነሡ፣ ብዙ ሰው ወደ ዳር ከተማ ሄዷል። ውኃና መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ያለ የተሻለ ቤት ያገኘ አለ፤ ይህን መናገር ተገቢ ነው፤ የኛ የጭቃ ቤት የሚያኮራ አይደለም። ነገር ግን ቡና አፍልታ የምትሸጠው ሴት፣ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ የሚሰፋው ሰው፣ አልጋውንና ቁም ሳጥኑን ጭኖ ሲሄድ ደንበኛውን አልጫነም። ደንበኛ በካሚዮን አይጫንም። የሃያ ዓመት ደንበኛ በአንድ ቀን ይበተናል፤ አዲሱ ሰፈር ደግሞ ሁሉም ሻጭ፣ ገዢ ግን የለም። የኛ ሰፈር ነገ ምን እንደሚሆን እኔ አላውቅም፤ ማንም ጸሐፊ አያውቅም። የሚመጣው ምንም ይሁን፣ ሙያና ሕጋዊ ወረቀት ይዞ የሚጠብቀው ሰውና ባዶ እጁን የሚጠብቀው ሰው እኩል አይቆሙም። ያለ ፈቃድ በረንዳ ላይ የሠራ ሰው ‹እዚህ እሠራ ነበር› ቢል ምስክሩ ጎረቤት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የወረቀቱን ነገር ላስረዳ፤ ብዙ ሰው ይጠይቀኛልና። ንግድ ፈቃድ ለማውጣት የሥራ አድራሻ ያስፈልጋል፤ ለአድራሻው ደግሞ የተረጋገጠ የኪራይ ውል። ውል የሚሰጥ አከራይ ከሌለ ሁሉም በር ይዘጋል። የጥቃቅንና አነስተኛ ሥራ ስትራቴጂ በ1990 ዓ.ም. ወጥቶ በ2003 ዓ.ም. ሲሻሻል፣ እስከ 5 ሰው የሚሠራበት ጥቃቅን፣ ከ6 እስከ 30 የሚሠራበት አነስተኛ ተባለ። በዚያ መሠረት ብዙዎች ተደራጅተው ብድር አግኝተዋል። በ1992 ዓ.ም. የተቋቋመው አዲስ ብድርና ቁጠባ፣ ዛሬ ስኬት ባንክ የሆነው፣ ቤት የሌለውን ሰው በቡድን ዋስትና አበድሯል። ማሽንም በኪራይ ግዢ የሚገኝበት መንገድ አለ፤ ተበዳሪው የዋጋውን 20 በመቶ ይቆጥባል፣ 80 በመቶውን አበዳሪው ይሸፍናል፣ ማሽኑ ራሱ ዋስትና ሆኖ ይቆያል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ማሽኑ የት ይቀመጥ? አልጋ ሥር አይቀመጥም። የጎደለው ብድር ሳይሆን አራት በአራት የሆነች ክፍል የሆነችበት ሰው በሰፈራችን ብዙ ነው። ያቺ ክፍል ደግሞ በኛ እጅ ናት።

ሌላም አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 ለተከራይ ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል ይሰጣል፤ ነገር ግን የሚመለከተው የመኖሪያ ቤትን ነው። ሱቅና ወርክሾፕ አይገቡበትም። ባለ ሱቁ ደንበኛ አፍርቶ ሥራው ሲደራ አከራዩ ኪራዩን ቢያጥፍበት የሚከላከልለት የለም። የደራ ሱቅ የሚባረረው ስለደራ ነው፤ ይህን በዓይናችን አይተናል። እኛ ግን ሕግ ባያስገድደንም በራሳችን ፈቃድ የሦስት ዓመት ውል መስጠት እንችላለን። ጭማሪውም አስቀድሞ ይጻፍ።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ።

‹የሰፈር ሰው ኪራይ አይከፍልም፣ ማባረርም ነውር ነው› የሚል አለ። ከተቃውሞዎች ሁሉ የሚከብደኝ ይኸኛው ነው። እውነት አለውና። ስለዚህ ኮሚቴው ያረቀቀው ውል ጠንካራ ነው። ኪራይ በወሩ በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ይከፈላል። ሁለት ወር ያልከፈለ ያለ ሽማግሌ ይለቃል፤ ሽምግልና የሚላከው ከመግባቱ በፊት ነው። እያንዳንዱ ተከራይ ሁለት የማኅበሩ አባል ዋስ ያመጣል። ክፍሉን ለሦስተኛ ወገን ማከራየት ክልክል ነው፤ በቀበሌ ሱቆች ላይ የደረሰው አንዱ ችግር ይኸው ነበር፣ ባለ ውሉ ቤቱ ተቀምጦ ትርፉን ሲበላ የሚሠራው ሰው በሦስት እጥፍ ይከራይ ነበር። የኮሚቴ አባል ወይም የቅርብ ዘመዱ አይወዳደርም፤ እኔንም ይጨምራል፤ የእኅቴ ልጅ ስልክ መጠገን ይችላል፣ ግን ሌላ ቦታ ይፈልግ ብዬዋለሁ፣ ተቀይሞኛል።

‹ታዲያ ለምን ከማኅበሩ ገንዘብ አናበድራቸውም› ያሉም አሉ። ይህን በበኩሌ አልደግፍም። የእድር ገንዘብ የለቅሶ ገንዘብ ነው፤ ሞት ቀጠሮ አይሰጥም፤ ገንዘቡ በልብስ መኪና ተቆልፎ ሲገኝ ለሐዘንተኛ ምን እንመልሳለን? ቤት እንስጥ፣ ሥራ እንስጥ፤ ብድሩን ከሚያበድሩት ይውሰዱ፣ ወይም ዕቁብ ይግቡ። ዕቁብ ወለድ የለውም፤ ዳኛውም ከባንክ ቤት ኃላፊ ይልቅ ይፈራል።

ሥራ እንስጥ ካልኩ ዘንድ ይህን ላንሣ። ማኅበራችን ራሱ ገዢ ነው። ድንኳኑ በየዓመቱ ይቀደዳል፤ የምናሰፋው መርካቶ ልከን ነው። ወንበር ይሰበራል፣ በሩ ይበየዳል፣ ለተዝካርና ለስብሰባ እንጀራ ይታዘዛል። ይህን በመጀመሪያ ከሰፈር እንጠይቅ። ዋጋው እጅግ ከበለጠ ወይም ሥራው ከተበላሸ ወደ ውጭ እንሂድ። ሁልጊዜ ግን በደረሰኝ፤ ኦዲተራችን ጋሼ ያለ ደረሰኝ አምስት ሳንቲም እንደማያልፉ ታውቃላችሁ፣ እኔም ደክሞኛል።

ነገር ግን አንድ ገዢ ላይ መንጠልጠልም አደገኛ ነው። ኮብልስቶን በሰፈራችን ሲነጠፍ ስንት ወጣት እንደሠራ አስታውሱ፤ ድንጋይ የሚጠርበው፣ የሚያነጥፈው፣ አሸዋ የሚያቀርበው። ጥሩ ጊዜ ነበር። መንገዱ ሲያልቅ ግን ሥራውም አለቀ፤ ምክንያቱም ገዢው አንድ ነበር። ስለዚህ እነዚህ አራት ሰዎች ከማኅበሩ ሥራ እንዲጀምሩ እንጂ በማኅበሩ ብቻ እንዲኖሩ አንመኝም። መርካቶን ተመልከቱ፤ ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እያለ አንድ ዓይነት ሥራ ያለው ሁሉ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ተፎካካሪዬ አጠገቤ መጣ ብሎ የሚያለቅስ የለም፤ ገዢው ‹እዚያ ሄጄ አላጣም› ብሎ ከሩቅ ይመጣል። ሽሮ ሜዳም እንዲሁ፣ ጥበብ የሚፈልግ ሁሉ እዚያ ነው የሚወጣው። የኛም አራት ክፍሎች ጎን ለጎን ሲከፈቱ፣ ጫማ ለማስጠገን የመጣው ሰው ሱሪውንም ለማሳጠር ይሰጣል፤ ነሐሴ ላይ የልጆች ዩኒፎርም ለማሰፋት የምትመጣው እናት እግረ መንገዷን እንጀራዋን ይዛ ትሄዳለች።

እናቶቻችን ስለ ምጣዳቸው ጠይቀውኛል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ሁለት ምጣድ አብሮ ከተለኮሰ የአዳራሹ መስመር አይችለውም፣ ጠጋኞቹም ጨለማ ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ ለዚያ ክፍል የራሱ ቆጣሪ እንዲገባ ማመልከት ግድ ነው፤ ቆጣሪው እስኪገባ በተራ በአንድ ምጣድ ይጋገራል። ይህ ካልተጻፈ በየወሩ በመብራት ሒሳብ እንጣላለን፤ የመብራት ጠብ ደግሞ ከርስት ጠብ አያንስም።

ለወጣቶቹ ሲባል በውሉ አንድ አንቀጽ ጨምረናል። እያንዳንዱ ክፍል ቢያንስ አንድ የሰፈር ልጅ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ሙያ ለመማር ይቀበላል። ተላላኪ አድርጎ ሻይ ሲያስመጣው እንዲውል አይደለም። መርፌ እንዲይዝ፣ ብየዳ እንዲይዝ ነው። ለምሳና ለትራንስፖርት የሚሆን ይሰጠዋል። ጠዋት ግድግዳ ተደግፈው የሚውሉትን ልጆቻችንን ሁሉ አራት ክፍል አያነሣቸውም፤ አራቱን ግን ያነሣል።

ከመጨረሴ በፊት ለገዢዎች፣ ማለት ለሁላችን፣ ትንሽ መራራ ነገር መናገር አለብኝ። የሰፈር ሙያተኛ የሚከስረው በትልቁ መደብር ብቻ አይደለም። በኛም ነው። ‹የኛው ልጅ አይደለህ› ብለን የዋጋውን ግማሽ እንከፍላለን፤ ‹ነገ እሰጥሃለሁ› ብለን በሌላ መንገድ ዞረን እንሄዳለን። አንዲት እትዬ ሱቃቸውን ሲዘጉ ደብተራቸውን አሳይተውኝ ነበር፤ የሞቱ ሰዎች ስም ሳይቀር ያልተከፈለ ዱቤ ሞልቶበታል። ሱቁን የዘጋው እዚያ ደብተር ላይ ያለው ስም ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ ሰው ራሱን ያውቃል።

ሙያተኞቹም አትሳቁ። ‹ነገ ና› እያላችሁ ሰውን ወር ሙሉ የምታመላልሱ፣ ለፋሲካ የተሰጣችሁን ልብስ ለጰራቅሊጦስ የምታደርሱ፣ ሰው ከሰፈር ወጥቶ ቢገዛ ምን ይፈረድበታል? ስለዚህ በውሉ ላይ የሥራ ሰዓትና የማስረከቢያ ቀን በወረቀት ለደንበኛ እንዲሰጥ ተጽፏል። ሦስት ጊዜ አቤቱታ የቀረበበትን ተከራይ ኮሚቴው ይጠራዋል።

ስለ ኪራዩ ልዩነት፤ አራቱ የሚከፍሉት ከነጋዴው ስለሚያንስ ጉድለቱ ከየት ይሞላል የሚለው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንደኛው፣ አዳራሹን ለሠርግና ለስብሰባ ለውጭ ሰው የምናከራይበትን ዋጋ ከፍ ማድረግ፤ ከቆመ ቆይቷል። ሁለተኛው፣ የአራቱ ክፍሎች ኪራይ በየዓመቱ በተወሰነ መጠን እንዲጨምር፣ በሦስተኛው ዓመት ወደ ሰፈሩ ዋጋ እንዲቀርብ ማድረግ። ሁለቱ ተደምረው ልዩነቱን ሙሉ በሙሉ አይሞሉትም፤ ሒሳቡን ሠርቼ ከዚህ ወረቀት አጠገብ ለጥፌዋለሁ፣ ስሕተት ያገኘ ይንገረኝ። የቀረውን እያወቅን እንቀበል ነው የምለው። ካልፈለጋችሁ ደግሞ ነጋዴው አለ፤ ሰኞ መልስ ይጠብቃል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአራት ሰዓት እንሰበሰባለን። ድምፅ የሚሰጠው በወረቀት ነው እንጂ በእጅ አይደለም፤ ማን ለማን እንደሰጠ ጎረቤት እንዳይቀያየም። መዋጮ ያለበት አባል እስከ ቅዳሜ ማታ ለገንዘብ ያዡ ይክፈል፤ ያልከፈለ ድምፅ አይሰጥም፣ ደንቡ ነው። የታመመና መውጣት የማይችል አባል ካለ ለኮሚቴው ይነገር፤ ሳጥኑን ይዘን ቤቱ ድረስ ሁለት ሰው እንልካለን። የውሉ ረቂቅ በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ማንበብ ለሚቸገሩ ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ጀምሮ እኔው ጮክ ብዬ አነባለሁ።